የሚስጥር ቁጥር የሚያስታውስ እንሽላሊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ያወጣችሁትን፣ በአንጎላችን ውስጥ ስለተደበቀው እንሽላሊት የሚያወራውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያውን ከቡና ጋር፣ ሁለተኛውን ከንዴት ጋር። ለሦስተኛ ጊዜ ላነበው ስል ባለቤቴ ጋዜጣውን ወስዳ በርበሬ አሰጣችበት።

የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፣ አልክድም። ነገራቸው ባጭሩ ይህ ነው። የሰው አንጎል ሦስት ፎቅ አለው። ምድር ቤቱ የእንሽላሊት፣ መካከለኛው የአጥቢ እንስሳ፣ የላይኛው የሰው። ስንፈራ፣ ስንናደድ፣ ስንስገበገብ የምድር ቤቱ ተከራይ ወጥቶ ቤቱን ሁሉ ይረከባል። ስለዚህ መኪናው ስለተጫረበት መንገድ ላይ ሰው የደበደበው ሾፌር፣ ደብዳቢው እሱ አይደለም። እንሽላሊቱ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። 31 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አብዛኛውን ደሴ። አንጎልን በጠመኔ ስስል ነው የኖርኩት። ይህንኑ የሦስት ፎቅ ሥዕል እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬዋለሁ፤ ስለዚህ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። በሌላ በኩል ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ የስልክ ጥሪ 28,000 ብር አስከፍሎኛል። ስለ ደመ ነፍስ ለመናገር ማስተማሩ ይበልጥ መብት ይሰጠኝ እንደሆነ ወይ መበላቱ፣ እናንተ ፍረዱ።

መጀመሪያ እንሽላሊቱን ላስወጣው።

የሦስት ፎቁን ሐሳብ ያመጣው ፖል ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ለማስተማር በጣም ይመቻል። ተማሪ ቶሎ ይይዘዋል፣ ለፈተናም ይሆናል። ችግሩ ትክክል አለመሆኑ ነው። አንጎል እንደ ኮንዶሚኒየም ፎቅ በፎቅ ላይ እየተደረበ አልተሠራም። ዓሣም፣ እንቁራሪትም፣ እንሽላሊትም፣ እኛም ዋና ዋና ክፍሎቹን እንጋራለን። በአንዱ ዘር ይህ ክፍል ገዝፏል፣ በሌላው ያኛው። የእኛና የእንሽላሊት የዘር ሐረግ ደግሞ ከተለያየ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። እንሽላሊት የሩቅ ዘመድ እንጂ አያታችን አይደለም። የአጎቱን ልጅ «አያቴ» ብሎ የሚጠራ ሰው የለም።

ደመ ነፍስ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እንኳ አልቻለውም። ለንደን የእንስሳት ማቆያ ሄዶ፣ የአፍሪካ እፉኝት ካለችበት ወፍራም መስታወት ፊቱን አስጠጋ። ብትወረወርብኝም ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆርጧል። መስታወቱ እንደማይሰበር ያውቃል። እፉኝቷ ስትወረወር ግን አንድ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ራሱን አገኘው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ነው የተናገረው። እፉኝት ነድፋው አታውቅም። ፈቃዱም እውቀቱም ግን አንዳች አልረዱትም።

አሁን ወደ እኔ እፉኝት ልሂድ።

ማክሰኞ ነበር፣ ረፋዱ ላይ። በረንዳ ተቀምጬ ጫማዬን እየጠረግኩ ነው። ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ከጀርባ ጫጫታ ይሰማል፣ የሴት ለቅሶ የሚመስል ነገርም አለበት። የደወለው ወጣት ነው፣ አነጋገሩ ትሑት።

«አባቴ፣ እንዳይደነግጡ። ልጅዎ የመኪና አደጋ ደርሶበት እኛ ጋ ገብቷል።»

እንዳይደነግጡ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ክው አልኩ። ጉልበቴ ከዳኝ። የሁለተኛውን ልጄን ስም ጠርቼ «እሱ ነው?» አልኩት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ስሙን የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጅ ይኑረኝ አይኑረኝ እንኳ አያውቅም። የሽማግሌ ድምፅ ሲሰማ ነው «ልጅዎ» ያለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለሱ ቁልቁለት ነው። ውስጡ እየደማ ነው። አሁኑኑ ኦፕሬሽን መግባት አለበት። ዕቃው ከውጭ ነው የሚገዛው። 40,000 ብር። ያለኝ 28,000 ነው አልኩት፤ ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ነበር። «ግዴለም አባቴ፣ እሱን ይላኩልን። የጎደለውን እኛ ሠራተኞቹ እናዋጣለን» አለኝ። መረቅኩት። ሌባውን፣ ቆሜ፣ በሁለት እጄ መረቅኩት።

«ስልኩን ግን እንዳይዘጉት። ሐኪሙ አጠገቤ ነው» ይለኛል በየመሃሉ። አልዘጋሁትም። ድምፁ እንዲወጣ አድርጌ፣ ያንኑ ስልክ ነክቼ ነክቼ ገንዘቡን ላክሁ። ሌላ ጊዜ በሞባይል ገንዘብ ልላክ ስል መነጽሬን ፍለጋ ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል። ያን ቀን ያለ መነጽር ላክሁ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ምስር ትለቅማለች። ከእኔ እስከ እሷ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። አልጠራኋትም።

በኋላ ስልኬን አየሁት። ጥሪው የቆየው 14 ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የተሰማኝን በሙሉ ለተማሪዎቼ ሳስተምረው የኖርኩት ነው፤ ሰውነቴ የትምህርቱን ማስታወሻ ገልጦ የሚያነብ ይመስል ነበር። ልቤ ደረቴን ትደበድበዋለች። እጄ ቀዝቅዟል። ምራቄ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ሲለቁ እንዲህ ነው የሚሆነው። ደም ከቆዳና ከአንጀት ተነስቶ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ዋልተር ካነን የሚባል የሃርቫርድ ሰው ይህን ያጠናው ከድመት ሆድ ተነስቶ ነው። ያኔ ኤክስሬይ ገና አዲስ ነገር ነበር። የድመቶች ጨጓራ ምግብ ሲፈጭ እያየ ሳለ፣ ድመቷ ስትናደድ ወይም ስትፈራ ጨጓራው ቀጥ ይላል። «መጋፈጥ ወይም መሸሽ» የሚባለው ነገር ከዚያ ነው የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1915። የእኛ ሰው «ሆዴ ቀጥ አለ» ለማለት ኤክስሬይ አላስፈለገውም።

እኔ ግን የምጋፈጠውም የምሸሸውም ነገር አልነበረም። በረንዳ ላይ፣ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ካልሲ ነኝ።

ይህ ፍርሃት ለምን እንዲህ ይቸኩላል? ጆሴፍ ለዱ የሚባል ኒው ዮርክ ያለ ተመራማሪ በአይጦች ላይ የሠራው ሥራ አለ። አይጧ አንድ ድምፅ ትሰማለች፣ ወዲያው እግሯን ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁን ብቻ ስትሰማ ድርቅ ትላለች። የላይኛው የአንጎል ሽፋን ድምፅን የሚያስተናግደው ክፍል ቢጎዳም እንኳ መፍራትን ትማራለች። ለካ አሚግዳላ ወደሚባለው፣ የአልሞንድ ፍሬ ወደሚመስለው ክፍል የሚወስድ አቋራጭ መንገድ አለ። አንዱ መንገድ ረጅም ነው፣ አጣርቶ ያያል። ሌላው አጭር ነው፣ ሳያጣራ ይጮሃል። ለዱ ይህን ሲያስረዳ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ቀጭን ነገር አይቶ ይዘላል ይላል፤ እንጨት መሆኑን የሚያውቀው ከዘለለ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ስቄያለሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ስንል ስንት ዘመናችን ነው!

ቸኳይ መሆኑ ደግሞ ሞኝነት አይደለም። ልጅ ሳለሁ ወሎ ገጠር ውስጥ ማሽላ ጠብቄያለሁ። ማማ ላይ ወጥተህ፣ ወንጭፍ ይዘህ፣ ቀኑን ሙሉ ግሪሳና ዝንጀሮ ትጠብቃለህ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እጮህ ነበር። ከመቶው ጩኸቴ ዘጠናው ለነፋስ ነው። አባቴ በዚህ አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። የተቆጣኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ይዞኝ ዝንጀሮ የገባ ቀን። እሱንም ቁጣ አይበሉት። ራንዶልፍ ኔሲ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይኸንኑ በጭስ ደወል ምሳሌ ያስረዳል። ዳቦ ሲጠበስ ያለ ነገሩ የሚጮህ ደወል ይሻላል፣ ቤት ሲቃጠል ዝም ከሚል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የዘመናዊ ሰው አጥንቶች ከ230,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ነው አሁን የሚነገረው። ያን ሁሉ ዘመን ማማው ላይ ሆኖ የጮኸው ተርፎ ወለደ። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ማማው ላይ ያለው ልጅ ሞባይል ምን እንደሆነ ገና አልተነገረውም።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ብዙም አንጣላም። የምንጣላው 14 ደቂቃዋ ላይ ነው።

አቋራጩ መንገድ ለዝላይ ነው የተሠራው። ዝላይ ከሴኮንድ ያነሰ ነገር ነው። ዳርዊንም ከዘለለ በኋላ ቆሞ ራሱን ታዝቧል። እኔ 14 ደቂቃ ሙሉ ምን እያደረግኩ ነበር? ተኝቼ ነበር እንዳልል፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሂሳቤ ውስጥ ስንት እንዳለ አስቤያለሁ። የአንድ ጊዜ መላኪያው ጣሪያ እንዳይከለክለኝ ለሁለት ከፍዬ ልኬያለሁ። የሚስጥር ቁጥሬን አልተሳሳትኩም። ባለቤቴን ለምን እንዳልጠራኋት እንኳ ምክንያት ነበረኝ፤ ደም ግፊት አለባት፣ መጀመሪያ እኔ ልጨርሰውና በደህናው ሰዓት ልንገራት ብዬ ነው። ጥሩ ምክንያት አይደለም? እስቲ የትኛው እንሽላሊት ነው ለሚስቱ ደም ግፊት የሚያስብ? የትኛው እንሽላሊት ነው የሚስጥር ቁጥር የሚያስታውስ?

የሆነው ይህ ነው። ማሰቢያዬ አልጠፋም። ለፍርሃቱ ተቀጠረ። ማማ ላይ ያለው ልጅ «ዝንጀሮ!» ብሎ ሲጮህ፣ ቤት ያሉት ትልልቆቹ በእርግጥ ዝንጀሮ ነው ወይ ብለው በመጠየቅ ፋንታ ስለ ዱላው ርዝመት መወያየት ጀመሩ። ኃይለኛ ጭንቀት ግንባራችን ሥር ያለውን የአንጎል ክፍል እንደሚያደክም የየል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ አርንስተን ብዙ ሠርታበታለች። እኔ ከራሴ ያየሁት፣ ሲደክም ዝም አይልም። አንድ ነገር ላይ ተቸክሎ እሱን ብቻ በትጋት ይሠራል። ሌባውም ይህን ያውቃል። ቶሎ በሉ ይላል፣ ስልኩን አትዝጉ ይላል። ሁለቱም ለአንድ ነገር ናቸው፦ ጊዜና ሰው እንዳላገኝ።

ሁለተኛ ጥሪ ነበረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያው ትሑት ድምፅ ደወለ። ደም ያስፈልጋል፣ 12,000 ብር። እጄ ላይ ምንም የለም። ታዲያ ጎረቤቴ ነጋዴ ጋ ልበደር ካልሲና ጫማዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በዚያን ሰዓት ድንጋጤው በርዶልኛል። እንዲያውም ትንሽ ጥርጣሬ ጫር አድርጎኛል፣ እውነቱን ልናገር። ግን እንዲህ እያልኩ ነበር የምሄደው፦ 12,000 ካልሰጠሁ የላክሁት 28,000 ከንቱ ይቀራል። ዳንኤል ካነማንና ኤመስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ሰው መቶ ብር ሲያገኝ ከሚደሰተው ይልቅ መቶ ብር ሲያጣ የሚያመው ይብሳል። ኪሳራን ላለመቀበል ሌላ ኪሳራ ይገዛል። ቁማር ቤት የዋለ ሰው ይህን ያለ ጥናት ይነግራችኋል።

መንገዱን ልሻገር ስል ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነው። የሚደማው፣ ኦፕሬሽን ያለው ልጄ።

«አባዬ፣ ወደ ቤት ስመጣ ሽንኩርት ልያዝ?»

«ኦፕሬሽንህስ?» አልኩት።

«የምን ኦፕሬሽን?»

አስፋልቱ መሃል ቆምኩ። ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋብኝ፣ ረዳቱም የሚለውን አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ስለ ብሩ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ለምን አልጠራኸኝም?» ብቻ ነው ያለችው። እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ እናስቀምጣለን።

ይህ አንድ ቀን የደረሰብኝ ነገር ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ምን እንደሆንን አትረሱትም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያድናል ተባለ። እኔ ቫይረስ በነጭ ሽንኩርት እንደማይሞት አሳምሬ የማውቅ ሰው፣ አራት ኪሎ ገዛሁ። ለምን? ከፊቴ ያለችው ሴትዮ አምስት ኪሎ አስመዘነች፣ የሻጩም ጆንያ እየጎደለ ነው። አዩት? የማይረባ መሆኑን እያወቅኩ፣ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ። ምክንያትም ነበረኝ። ሰው ሁሉ ከገዛ ነገ ለወጥም አይገኝም፣ አልኩ። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም! ለዚህ ነው ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ እብድ ማለት የማይገባው። እያንዳንዱ ሂሳቡን አስልቶ ነው የቆመው። ነጭ ሽንኩርቱ ግማሹ አቆጥቁጦ ተጣለ።

እህቴ ደግሞ አውሮፕላን አትሳፈርም። ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ መብረር ትችላለች፣ ልጇ ከውጭ ሆኖ ይከፍልላታል። እሷ ግን በአውቶቡስ ጣርማ በርን ወርዳ፣ በዚያ መጠማዘዣ፣ በዚያ ጉም፣ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች። ለምን ስላት «መሬት ላይ ብወድቅ ሰው ያነሳኛል» ትለኛለች። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001ዱ የአውሮፕላን ጥቃት በኋላ አውሮፕላን ፈርተው ብዙዎቹ መኪናቸውን ይዘው ወጡ። ጌርድ ጊገረንዘር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ አስልቶ፣ በቀጣዩ አንድ ዓመት በዚህ ምክንያት 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ገምቷል። ከአውሮፕላኑ ሸሽተው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጸሐፊው «እንሽላሊቱን ብናስወግደው» ብለው ስለተመኙ። ያስወገደች ሴት አለች። አሜሪካ ውስጥ ናት፣ በጥናቶቹ ውስጥ ኤስ ኤም ተብላ ነው የምትታወቀው። በብርቅዬ በሽታ ምክንያት አሚግዳላዋ በሁለቱም በኩል ጠፍቷል። እባብ በእጇ ትይዛለች፣ ፍርሃት አይሰማትም። አንድ ማታ መናፈሻ ውስጥ ሰው ጩቤ አንገቷ ላይ አድርጎባት ያውቃል። በማግስቱ በዚያው መናፈሻ አቋርጣ ሄደች። ይህ ጀግንነት አይደለም፣ ማማው ላይ ሰው የለም ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ተመራማሪዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ሲያስተነፍሷት በድንጋጤ ተርበተበተች። ስለዚህ የፍርሃት ቤት አሚግዳላ ነው ብሎ መዝጋትም አይቻልም። ለዱ ራሱ አሚግዳላን «የፍርሃት ማዕከል» ማለት ልክ አይደለም ሲል ነው የከረመው። አንጎል በአንድ ጋዜጣ ገጽ አያልቅም፣ በ31 ዓመትም አላለቀልኝም።

ወደ ሾፌሩ ልመለስ፤ ያስቆጣኝ እሱ ነውና።

ገርጂ፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ መታጠፊያ አለ። ጠዋት ጠዋት መኪና እዚያ ይቆላለፋል። አንድ ቀን አንዱ ፒክአፕ የሌላውን መስታወት ገጨበት። የተገጨው ሰውዬ ወረደ። አቤት ንዴት! ፊቱ ቀልቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ከወንበሩ ሥር የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ነው የወረደው። እንግዲህ የጸሐፊው እንሽላሊት ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ማለት ነው። ፒክአፑ ጋ ሲደርስ ከሾፌሩ ጎን የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ትከሻው ላይ ማዕረግ ያለው ሰው ተቀምጧል። ብረቱ ወዲያው ወደ ጀርባ ዞረ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ ብትልልኝ እኮ ኖሮ» አለ። ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ሳሩ ላይ ተቀምጦ ሎተሪ የሚሸጠው ልጅ እስከ ዛሬ ይህን ሲያስመስል ያስቀናል።

ማዕረግ ቆጥሮ የሚመለስ ንዴት፣ ከመጀመሪያውም እያሰበ ነው የወረደው። ደሙ እውነት ፈልቷል፤ እሱን አልጠራጠርም። ብረቱን ማንሳቱ ግን ስሌት አለበት፤ ይህን ሰው ብመታው ማን ምን ይለኛል የሚል። ሚስቱን የሚመታው፣ አለቃውን ግን የማይመታው ሰውም ያው ነው። ጋዜጣችሁ ለዚህ ሰው የእንሽላሊት የሕክምና ወረቀት ባይጽፍለት ደስ ይለኛል። በተለይ ወጣቶች ያነቡታል። በ31 ዓመት ውስጥ ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ፣ «ውሻ ደብተሬን በላው»ን ጨምሮ። «እንሽላሊቴ ነው ቲቸር» የሚለው ባልመጣብኝ ጥሩ።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። ለባንኮችና በሞባይል ገንዘብ ለሚያስተላልፉት ሁሉ ነው። ደንበኛ ራሱ ከፈለገ፣ ከዚህ በፊት ልኮለት ወደማያውቅ ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ ሲልክ ለአንድ ሰዓት እንዲቆይለት መምረጥ ይቻል። ሁሉም ሰው ላይ ይጫን አላልኩም፤ ነጋዴ ይጣደፋል። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ፣ አንድ ሰዓት ቢዘገይብኝ የሚበላሽ ነገር የለኝም። እውነተኛ ሐኪም ቤት ደግሞ ለአንድ ሰዓት ከአባት ጋር ይነጋገራል። ያ አንድ ሰዓት ቢኖረኝ ኖሮ የሽንኩርቷ ስልክ ቀድማ ትደርስ ነበር።

እስከዚያው እኛ ቤት የራሳችንን ዘዴ ፈጥረናል። ባለቤቴ ነች ያመጣችው። ደሴ ሳለን የነበረችንን ውሻ ስም ከቤተሰቡ ውጪ የሚያውቅ የለም። ገንዘብ የሚጠይቅ ስልክ ከመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የውሻዋን ስም እንጠይቃለን። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ቁጥሩም የሱ አይደለም።

«አባዬ፣ ቤንዚን አልቆብኝ ቆሜያለሁ። ስልኬም ዘግቷል፣ በሰው ስልክ ነው። 500 ብር ላክልኝ።»

«የውሻችን ስም ማን ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆየ። ከዚያ የድመታችንን ስም ነገረኝ።

አልላክሁለትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ አኩርፎ። እናቱ እግሩን ታጠብ ብላ ውሃ ስታቀርብለት «የሷን ስም እንዴት ትረሳለህ?» ስትለው እሰማለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር
ገርጂ፣ አዲስ አበባ